ሰባ አምስት ሊትር ባሕር

ማርቲንዴል የካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ሰፈር ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ጋሼ ቤት በበጋ ስድስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ በጥር በረዶ አሥራ ሁለት። ቅዳሜ ጠዋት ደውለው "ያን የዓሣ ነገርሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። የዓሣ ነገሬ አንድ ደብተር፣ አንድ የጨው መለኪያና የስምንት ዓመት ስህተት ነው። ቤዝመንት ስወርድ ባዶ የመስታወት ገንዳ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ካርቶኑ ያልተከፈተ ማጣሪያ። ላይ ቤት እትዬ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሽታው ደረጃውን ተከትሎ ወርዷል።

ጋሼ፦ ይኸው ገዝቻለሁ። ካርቶኑ እስከ 200 ሊትር ያጣራል ይላል። ገንዳው 75 ሊትር ነው። እንግዲህ የሁለት ገንዳ ዓሣ ባንድ ላይ ብጨምርበት እንኳ አያቅተውም ማለት ነው።

እኔ፦ ካርቶኑ የሚያወራው ስለ ፓምፑ ጉልበት ነው ጋሼ። ስለ ዓሣዎቹ ሆድ የሚያውቀው ነገር የለም። ደረሰኙን አልጣሉትም አይደል?

ጋሼ፦ ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን ጠየቅሽ?

እኔ፦ እንዲያው ነው፤ ይቀመጥ። መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ የትኛውን ዓሣ ነው የሚፈልጉት?

ጋሼ፦ እሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ መስሎኝ! መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ ዓሣ። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ እኔ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሶቪየቶች አግዘውን በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን። ስለ ማጣሪያ ልታስተምሪኝ ነው?

እኔ፦ እንዲያማ ከሆነ እርስዎ ያስተምሩኝ። ድፍድፉ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ሲገባ ቆሻሻው የት ይጠፋ ነበር?

ጋሼ፦ የት አባቱ ይጠፋል! ይለያያል እንጂ። ቤንዚኑ ወዲያ፣ ናፍጣው ወዲህ፣ ጥቁሩ ዝቃጭ ከታች። የገባው ሁሉ ባንዱ ቧንቧ መውጣት አለበት። ካልወጣ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

እኔ፦ እዚህም እንደዚያው ነው። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ምግብ ነው። ዓሣው ይበላና አብዛኛውን ትርፍ ናይትሮጅን አሞኒያ አድርጎ በስንጥቡ በኩል ያወጣዋል። አንዱ የባክቴሪያ ዘር አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት። ናይትሬቱ ላይ ሲደርስ መንገዱ ያበቃል። እዚያው ይጠራቀማል።

ጋሼ፦ ታዲያ ይሄ ማሽን ምን ሊሠራ ነው የተገዛው?

እኔ፦ ውሃ ያዞራል፣ ፍርፋሪ ይይዛል፣ ስፖንጁ ለባክቴሪያው ቤት ይሆናል። ማውጣቱ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። በባልዲ።

ጋሼ፦ በባልዲ! ስንት ጊዜ?

እኔ፦ በየሳምንቱ አሥር በመቶ እንበል። ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚይዙ ውስጥ የሚቀረው ውሃ 65 ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ስድስት ሊትር ተኩል። እስኪ እርሳስ ይያዙ። ዓሣዎቹ በሳምንት ናይትሬቱን በሊትር 5 ሚሊግራም ከፍ ያደርጋሉ እንበል። እርስዎ ደግሞ አሥር በመቶ ውሃ ይቀይራሉ። ከጊዜ በኋላ ምን ላይ ይቆማል?

(ጋሼ የመብራት ሒሳብ የመጣበትን ፖስታ ገልብጠው ጻፉ። ከጡረታ በኋላ ያላየሁት ፊት ነበራቸው።)

ጋሼ፦ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን ነው የሚቆመው። የሚገባው 5። አሥር በመቶው 5 የሚሆነው... 50 ላይ። ውሃው ከመቀየሩ በፊት 50 ይደርሳል።

እኔ፦ ለብዙ ኮራል የማይመች ውሃ ነው፤ ለዓሣውም አልመኘውም።

ጋሼ፦ ሃያ በመቶ ብቀይር 25።

እኔ፦ ወይም አሥር በመቶውን እየቀየሩ ዓሣውንና ምግቡን በግማሽ ቢቀንሱ። ያው 25። የዓሣውን ጥያቄ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። በየሳምንቱ ሁለተኛ ባልዲ ከመሸከም አንድ ዓሣ ሳይገዙ መቅረት ይቀላል። ማጣሪያው ቢተልቅ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ጋሼ፦ ሌላ መውጫ ቧንቧ የለውም?

እኔ፦ ሁለት አለው። አንዱ ድንጋዩ ነው። የባሕር ድንጋይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ ሌላ ባክቴሪያ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጠዋል፣ እሱ በንኖ ይሄዳል። ድንጋይን እንዲህ መጠቀምን በ1961 በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈው የኢንዶኔዥያው ሊ ቺን ኤንግ ነበር፤ ከባሕር ድንጋይ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ከትቶ፣ አየር ብቻ እየነፋ ዓሣ አኖረ። ያኔ ሌላው ዓለም ጠጠር ሥር ቧንቧ ይቀብር ነበር። ሁለተኛው መውጫ ስኪመር ነው። አሰብ ነፋስ ሲበረታ ባሕሩ ዳር የሚከማቸውን ነጭ አረፋ ያስታውሳሉ?

ጋሼ፦ እንዴት ይረሳል! ጫማ ላይ ይደርቅና ይሸታል።

እኔ፦ የሚሸተው ለዚያ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን የፍጥረት ቅሪት አረፋው ሰብስቦት ነው። ስኪመር ያንኑ በጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ይሠራዋል። ደቃቅ አረፋ ይነፋል፣ ቆሻሻው አረፋው ላይ ተጣብቆ ወጥቶ ኩባያ ውስጥ ይፈሳል፣ እርስዎ ይደፉታል። አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ያወጣዋል፤ ጥቅሙ እሱ ነው። የበርሊን ገንዳ አሳዳሪዎች ድንጋይና ስኪመር ብቻ ይዘው ስንት ገንዳ አኑረዋል። ለእርስዎ ግን አልመክርም።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ ካመሰገንሽው በኋላ?

እኔ፦ ለ75 ሊትርና ለጥቂት ትናንሽ ዓሣ ባልዲው ይበቃል። ገንዘቡን መመርመሪያ ፈሳሾቹ ላይና ውሃ ማጥሪያው ላይ ያውሉት። አሞኒያ አይታይም፣ አይሸትም። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ አሞኒያ ለስላሳ በሆነ የወንዝ ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ ይመርዛል። ካልለኩ የሚያውቁት ዓሣው ሲገለበጥ ነው።

ጋሼ፦ ሌላ ውሃ ማጥሪያ ደግሞ? የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ልጆች ያደጉበት።

እኔ፦ እኛ ጨው አንጨምርበትም። በሰሜኑ በኩል የምንጠጣው የቦው ወንዝ ነው፤ ከሮኪ ተራሮች በኖራ ድንጋይ መካከል ወርዶ በቤርስፖ ጣቢያ ተጣርቶ ይመጣል። ለእኛ ጥሩ ነው። ለገንዳው ግን ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ሌላው ማዕድን አልጌ ይቀልባል፣ ከቤት ቧንቧ የሚመጣ ትንሽ መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይጨርሳል። አራት ደረጃ ያለውን ማጥሪያ ከቧንቧው ጋር እንገጥማለን። ከእሱ የሚወጣው ውሃ ምንም የለበትም፣ ጣዕም እንኳ። ሁልጊዜ አርባ ሊትር በቆርቆሮ ሳይሆን በፕላስቲክ በርሜል ይያዙ። በጁን 2024 ከቤርስፖ የሚመጣው ትልቁ ቧንቧ ፈንድቶ ከተማው በሙሉ ውሃ ሲቆጥብ እኔን ያዳነኝ በርሜል ነው።

ጋሼ፦ ጨውስ? የአፍዴራ ጨው ጓዳ አለ። አሞሌም ቢሆን ከአፋር አመጣልሻለሁ።

እኔ፦ አሞሌውን ለበሬ። የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ባሕር ግን ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየም፣ ሰልፌት ሁሉ አለው። ተመጥኖ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይሸጣል። በሊትር 35 ግራም ሲሆን፣ ለ65 ሊትር ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ። በባልዲ በጥብጠው፣ ሌሊቱን በትንሽ ፓምፕ አዙረው፣ 25 ዲግሪ ላይ ይለኩታል። 1.026 ሲያሳይ እሱ ነው።

ጋሼ፦ የአሰብ ውሃ ግን ከዚህ ይመር ነበር። ዓይን ውስጥ ሲገባ አውቀዋለሁ።

እኔ፦ ልክ ነዎት። ቀይ ባሕር በአሰብ በኩል በሺህ 37 ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን ሲሄድ ከ40 ያልፋል። የረባ ወንዝ አይገባበትም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ሜትር የሚያህል ውሃ ከላዩ ታነሳለች፤ የጎደለው በባብ ኤል መንደብ ይሞላል፣ የሚሞላው ግን ራሱ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር ይመራል። አሁን ይህን ቤዝመንት ያስቡት። ካልጋሪ አየሩ ደረቅ፣ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይነፋል። የእኔ ገንዳ በብርዱ ወራት በቀን እስከ አንድ ሊትር ይተናል። የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው ይቀራል። ሦስት ቀን ቢረሱት 65ቱ 62 ይሆናል፣ 35 የነበረው 36.7።

ጋሼ፦ አሰብ ደረስን በይኛ!

እኔ፦ ዓሣው አሰብ መሄድ ካልፈለገ? አገሩ ኢንዶኔዥያ ከሆነ? ለዚህ ነው መስታወቱ ላይ ፕላስተር የምንለጥፈው። ውሃው ከፕላስተሩ በታች ሲወርድ ያን ጣዕም የሌለውን ውሃ ይጨምራሉ። ጨዋማውን አይደለም! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ባብ ኤል መንደብን ይከፍትበታል።

(እትዬ በትሪ ሁለት እንጀራና ድስት ይዘው ወረዱ። የመጨረሻዋን ቃል ሰምተዋል።)

እትዬ፦ ምኑን ነው የምትከፍቱት? ዓሣው መቼ ነው የሚመጣ?

እኔ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ እትዬ። ያ ባክቴሪያ እስኪራባ ድረስ።

እትዬ፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ተቀምጦ ሊያይ ነው ይሄ ሰውዬ?

እኔ፦ እርሾ ነው እትዬ።

እትዬ፦ እንዲህ አትዪኝም ታዲያ! እርሾ ከሆነማ ይጠበቃል። ግን እርሾ ከባዶ አይጀመርም፤ ከጎረቤት ይዋሳል።

እኔ፦ እሱን ነው የያዝኩት። (ከባልዲው አንድ ድንጋይ አወጣሁ፤ ስምንት ዓመት እኔ ገንዳ ውስጥ የኖረ።) ደረቁ ድንጋይ ስምንት ኪሎ ይገዛል፣ ይህ አንዱ መካከላቸው ይቀመጣል። በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንጥላለን፣ ዓሣ ሳይኖር። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ ባክቴሪያው እሱን እየበላ ይራባል። አሞኒያው ይወጣል፣ ይወርዳል። ናይትራይቱ ይከተላል፣ እሱም ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ሲከርሙ ሊጡ ኩፍ አለ ማለት ነው። መስታወቱ ቡናማ አቧራ ቢለብስ አይደንግጡ፤ ያልፋል።

እትዬ፦ ካልጋሪ የመጣሁ ሰሞን ሊጡ አልቦካ ብሎኝ ከማሞቂያው አጠገብ ብርድ ልብስ አልብሼው አድር ነበር።

እኔ፦ ይሄም ማሞቂያ አለው፤ 100 ዋት ይበቃዋል። ቤዝመንቱ በጥር ስንት ዲግሪ ነው፣ አሥራ ሰባት? አንድ ነገር አደራ እትዬ፤ የማጣሪያው ስፖንጅ ቆሽሾ ቢያዩት በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት።

እትዬ፦ ቡሃቃ በሳሙና የሚታጠብ ይመስልሻል? እኔን ለሌላ ሰው አደረግሽኝ።

(ይህን በሁለት ደቂቃ የገባቸውን ነገር እኔ ሁለት ገንዳ ገድዬ ነው የተማርኩት። የዓሣ መጽሐፍ በአማርኛ የሚጽፍ ካለ ከእርሾ ቢጀምር ይሻለዋል።)

እኔ፦ አሁን ይንገሩኝ ጋሼ። ዓሣው?

ጋሼ፦ (ትንሽ ቆይተው) ከምፅዋ ወደ ዳህላክ በጀልባ ሄደን ነበር፣ አንድ የፋሲካ ሰሞን። አንዱ ጓደኛችን የመዋኛ መነጽር ነበረው፣ በተራ እንጠልቅ ነበር። እኔ ስጠልቅ አንዱ መጣ። ሰውነቱ ወይን ጠጅ፣ ጅራቱ ቢጫ፣ እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ። አልሸሸም። ዞሮ አየኝና ሄደ። ስሙን እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያወቅሁት። ፐርፕል ታንግ።

እኔ፦ ደረሰኙ ላይ ያለው ማጣሪያው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጋሼ፦ ቀብድ ከፍያለሁ።

እትዬ፦ ስንት?

ጋሼ፦ ይሄ የዓሣ ጉዳይ ነው፣ አንቺን አይመለከትም።

እኔ፦ ጋሼ፣ ያ ዓሣ ሲያድግ 20 ሳንቲም ሜትር ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ እየዋኘ አልጌ የሚግጥ ነው። ይሄ ገንዳ 60 ሳንቲም ሜትር ነው። የርዝመቱን ሦስት እጥፍ ሄዶ ግንብ ይመታል። የእኔ የመጀመሪያ ገንዳ 40 ሊትር ነበር። አንድ ሱቅ ሰማያዊ ታንግ ሸጠልኝ፣ አምስት ሳንቲም ሜትር የማትሞላ ሕፃን። 30 ሳንቲም ሜትር እንደምትሆን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ውሃውም አልበሰለም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ወጣባት። መድኃኒት ፍለጋ ስሮጥ ሞተች። ማጣሪያዬ የ150 ሊትር ነበር።

(ጋሼ ፖስታውን አጣጠፉት። እትዬ እንጀራ ቆርሰው አጎረሷቸው፤ ማባበል መሆኑ ነው።)

እኔ፦ ሌላ ዓሣ ልንገርዎ። ሙሉ ሰውነቱ ወይን ጠጅ ነው፤ ቢጫ የለውም። ስድስት ሰባት ሳንቲም ሜትር ብቻ ነው። የቀይ ባሕር ልጅ ነው፣ ከቀይ ባሕር ሌላ የተፈጥሮ አገር የለውም። ኦርኪድ ዶቲባክ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ፍሪድማኒ፣ ክላውዘዊትዝ የሚባል ጀርመናዊ በ1968 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የመዘገበው። ከድንጋይ ጣራ ሥር ተጠግቶ የሚኖር ነው፣ ሩቅ አይዋኝም። ደግሞ በገንዳ ማርባት ስለተቻለ ከባሕር መውሰድ አያስፈልግም።

ጋሼ፦ ያው ባሕር?

እኔ፦ ያው ባሕር።

ጋሼ፦ የቀይ ባሕር ክላውንፊሽም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። የልጅ ልጄ ኔሞ ካልመጣ እያለ ነው።

እኔ፦ አለ፣ ግን 14 ሳንቲም ሜትር ይደርስና ገንዳውን ሁሉ የኔ ነው ይላል። ለልጁ ተራውን ኔሞ እንውሰድለት፣ በገንዳ የተረባውን፣ ሁለት። ሁለቱም ሲገዙ ወንድ ይሆናሉ፤ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል።

እትዬ፦ ኧረ በስመ አብ!

እኔ፦ ሴቷ ናት ቤቱን የምትገዛው። እሷ ከሞተች ባሏ ሴት ይሆንና በቦታዋ ይተካል።

እትዬ፦ ሰማህ?

ጋሼ፦ ከሁለቱ ኔሞና ከወይን ጠጁ ሌላስ?

እኔ፦ አንድ ቢጫ ጎቢ፣ ከነሽሪምፑ። ሽሪምፑ ዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል፤ ጉድጓድ ሲቆፍር ይውላል። ጎቢው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ አንዱን ጺሙን ጎቢው ላይ አሳርፎ ነው የሚወጣው፤ አደጋ ሲመጣ ጎቢው ጅራቱን ያራግባል፣ ሁለቱም ጉድጓድ ይገባሉ። እንደ ዓይነ ስውርና መሪው። አራት ዓሣ በቃ። ከዚህ በላይ ሱቅ ገብተው ያማረዎትን ስልክ ላይ ፎቶ አንስተው ይመለሱ።

ጋሼ፦ ባንዴ ነው የሚገቡት?

እኔ፦ በፍጹም። መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ። ከዚያ ኔሞዎቹ። ወር ቆይቶ ጎቢው። ወይን ጠጁ መጨረሻ፤ ቀድሞ ከገባ አገሩን ያካልልና ኋላ የመጣውን ያባርራል። ባክቴሪያውም በተጨመረው ዓሣ ልክ ለመራባት ጊዜ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ደግሞ አራት ሳምንት በሌላ ባዶ ገንዳ ይገለላል። የነጭ ነጠብጣቡ መድኃኒት መዳብ ነው፤ እዚህ ከገባ ሽሪምፑን ይገድላል። ላዩ በወንፊት መረብ ይከደን፣ ይዘላሉ።

እትዬ፦ እሮብና ዓርብስ? ጾም እኮ ነው።

እኔ፦ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ቢጾሙ አይጎዱም እትዬ። ውሃው ያመሰግናል።

እትዬ፦ ዓርብ ይጹሙ እንግዲያው። ከዚህ ሰውዬ ይሻላሉ።

ጋሼ፦ እና ማጣሪያውን ልመልሰው?

እኔ፦ ይቀመጥ። የባሕር ገንዳ ውሃው በሰዓት ከአሥር ጊዜ በላይ መዞር አለበት፤ ጉልበቱ ይጠቅመናል። የሚመለሰው ቀብዱ ነው።

ስልኩን አንስተው ደወሉ። ሱቁ ቀብዱን አልመለሰም፤ ወደ ፍሪድማኒ አዛወረላቸው፣ ለግንቦት።

ይህን ስጽፍ ገንዳው ውሃ ከተሞላ 26ኛ ቀኑ ነው። ጋሼ ማታ ማታ ቁጥሩን በፖስታው ጀርባ እየጻፉ በስልክ ይልኩልኛል። ትናንት የላኩት ይህ ነው፦ ሙቀት 25፣ ጨው 1.026፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ገና አልወረደም፣ ዓሣ የለም።